ጉልበት አይከዳም

የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለም። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ኃይሉ እላይ ስለማይደርስ፣ ከግቢው ቧንቧ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን እየቀዳን እናወጣለን። የዛሬ አሥር ዓመት በሁለት እጄ ሁለት ጀሪካን አንጠልጥዬ ሳላርፍ እወጣ ነበር። ዘንድሮ 47 ዓመቴ ነው። ባለፈው ወር አንዷን ሁለተኛው ፎቅ ላይ አስቀምጬ ትንፋሼን ስሰበስብ፣ አንድ የጎረቤት ልጅ ከኋላዬ ደርሶ «ጋሼ፣ ያምጡት እኔ ላድርስልዎ» አለኝ።

«ግድ የለም፣ እችላለሁ» አልኩት። ወገቤን ይዞኝ ሦስት ቀን ተኛሁ።

እንዲህ ሲሆን «ጉልበቴ ከዳኝ» ማለት ልማዳችን ነው። እኔ ግን ተኝቼ ሳስበው ጉልበት አይከዳም አልኩ። ጉልበት አስቀድሞ ይናገራል፤ የማንሰማው እኛ ነን። ጡንቻ ካላሠሩት ከሠላሳዎቹ ዕድሜ ጀምሮ በጥቂት በጥቂቱ ይቀንሳል። ልብ በከባድ ሥራ ጊዜ በደቂቃ ልትመታ የምትችለው ትልቁ ቁጥርም ይወርዳል፤ በተለመደው ግምት 220 ሲቀነስ ዕድሜ ነውና፣ በ25 ዓመት 195 የነበረው በ47 ዓመት 173 ይሆናል። ከአርባ በኋላ የዓይን ሌንስ መተጣጠፉን እየተወ ስለሚሄድ ጽሑፍ አርቀን መያዝ እንጀምራለን። በእኔ ላይ ከሁሉም በላይ የተለወጠው ግን ማገገሚያው ነው። ድሮ በአንድ ሌሊት እንቅልፍ የሚወጣው ድካም ዛሬ ሁለትና ሦስት ቀን ይጠይቃል።

ይህ ማለት አበቃ ማለት አይደለም። ማሞ ወልዴ እ.ኤ.አ. በ1968 በሜክሲኮ ኦሊምፒክ ማራቶንን ሲያሸንፍ 36 ዓመቱ ነበር፤ ከአራት ዓመት በኋላ ሙኒክ ላይ በ40 ዓመቱ ነሐስ አገኘ። ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2019 በርሊን ማራቶን ላይ 2:01:41 ሮጧል፤ በ2024 ደግሞ በ41 ዓመቱ ለንደን ላይ በ2:04:15 ሁለተኛ ወጥቷል። ዕድሜ ከዚያ ትልቅ አትሌት እንኳ ደቂቃ ወስዷል። እሱ ግን በቀረው አቅሙ ሮጦ ከዓለም ምርጦች መካከል ቆመ።

እኛ የምናጠፋው በሁለት በኩል ነው። አንዳንዶቻችን «ገና ነኝ» ብለን በሃያ ዓመታችን ልክ እንሸከማለን። ሌሎቻችን ደግሞ «ከእንግዲህማ» ብለን ከወንበር አንነሳም። የመጀመሪያው ወገብ ይሰብራል፣ ሁለተኛው የቀረውን ጡንቻ ያሟሽሻል። መሃሉ መንገድ ሸክሙን መቀነስ፣ እንቅስቃሴውን ግን ማዘውተር ነው።

ባለፈው ፈረቃ ያን ልጅ ራሴ ጠራሁት። እሱ ሙሉውን ያዘ፣ እኔ በግማሽ የተሞላውን። አራተኛ ፎቅ አብረን ደረስን፤ በማግሥቱም ሥራዬ በሰላም ገባሁ።

አርባን የተሻገራችሁ ወገኖቼ፣ በየቀኑ ተራመዱ፤ የምትችሉትን ያህል አንሡ፤ ሲያግዟችሁ እሺ በሉ። ደም ግፊት ሳይታወቅ ይኖራልና ሳያማችሁ ተለኩ። ደረጃ ስትወጡ ደረታችሁን ከጨነቃችሁ ደግሞ ነገ አትበሉ፤ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።