በጎ ፈቃዱ የማን ነው?

«ለትርፍ ባልቆመ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ስለ ደሞዝ መጠየቅ ነውር ነው» የሚል አነጋገር በግቢያችን ውስጥ እየተለመደ መጥቷል። የሚናገሩት ከእነዚሁ መሥሪያ ቤቶች እየመጡ ተመራቂ የሚመለምሉ ሰዎች ናቸው፤ አንደበታቸው የተባ ነው፤ የሚያሳዩትም ሥዕል ያማረ ነው። ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው ሰባት ተማሪዎች ከዚሁ ተመርቀን በልዩ ልዩ የትምህርት በጎ አድራጎት ድርጅቶች ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ሠርተን አሁን ለሁለተኛ ዲግሪ የተመለስን ነን። የድርጅቶቹን ስም አንጠራም። ነገሩ የአንድ ድርጅት ሳይሆን የአሠራር ነውር ስለ ሆነ፣ አንዱን መጥራት የቀሩትን ነጻ ማውጣት ይሆናል።

ወንድሞችና እኅቶች፤ የፕሮጀክት ሠራተኛ ማለት የሚያስተምር ሰው እንዳይመስላችሁ። የሚያስተምሩትን የሚያሠለጥን፣ የሠለጠኑትን የሚቆጥር፣ የቆጠረውንም የሚጽፍ ሰው ነው። ከሳምንቱ አምስት ቀን ሁለቱ በመንገድ፣ ሁለቱ በኮምፒዩተር ፊት ያልቃሉ፤ በቀረችው አንድ ቀን አራት ትምህርት ቤት ይጎበኛል። ርእሰ መምህሩ መኪናዋን ከሩቅ ሲያይ ወንበር ያስወጣል፤ መዝገቡንና ማኅተሙን ያዘጋጃል፤ ሕፃናቱም የተለመደውን መዝሙር ይዘምራሉ። ክፍል ውስጥ ገብቶ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ተቀምጦ ማዳመጥ በዕቅዱ ላይ ቦታ የለውም፤ ቢኖረውም በዚያች ቀን አይደርስም።

ሥልጠና የተባለውን ደግሞ እንመልከት። የክፍል ጊዜን በአግባቡ ስለ መጠቀም የሚሰጥ የአምስት ቀን ሥልጠና በኅዳር ወር፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ በዞኑ ከተማ ሆቴል ተደረገ። ሠላሳ ስምንት መምህራን መጡ፤ ሠላሳ ስምንት ክፍሎችም የክፍል ጊዜ በአግባቡ እስኪጠና ድረስ አምስት ቀን ያለ መምህር ዋሉ። ክረምቱ ሁሉ ባዶ እያለ ለምን በኅዳር ሆነ ብለን ብንጠይቅ፣ የለጋሹ የሒሳብ ዓመት በታኅሣሥ ይዘጋል፣ ገንዘቡ ካልወጣ የሚመጣው ዓመት ይቀነሳል የሚል መልስ ተሰጠን። «በጀት ማቃጠል» የሚለው ቃል የእኛ ፈጠራ አይደለም፤ በስብሰባ ላይ ያለ ኀፍረት የሚነገር ነው። መምህራኑን አንወቅስም። ደሞዙ ወሩን የማያደርሰው ሰው ውሎ አበል ባለበት ቦታ ቢገኝ ማን ይፈርድበታል? የምንወቅሰው ጠመኔ የያዘውን ሰው ከክፍል የሚያስወጣ ገንዘብ አምጥቶ «ለትምህርት ጥራት» የሚል ጽሕፈት የሚለጥፍበትን ነው። ሥልጠናው ምን አስገኘ ብሎ የጠየቀን አንድ ሰው አልነበረም፤ በአበል መቀበያው ዝርዝር ላይ አንድ ፊርማ ስለ ጎደለ ግን ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ተጽፎልናል።

በ2002 ዓ.ም. በአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅት ርዳታ የተደረገው የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ አሳየ። ይህ ቁጥር ያልገባበት የገንዘብ መጠየቂያ እኛ በሠራንባቸው ቢሮዎች አላየንም። ከዚያ ወዲህ በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ በሚቀጥለው ዓመት 3.2 በመቶ። ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ድርጅቶቹ ናቸው ያጠፉት ለማለት አይደለም፤ ጦርነቱ አለ፣ በሽታው አለ፣ የመንግሥትም እጅ አለበት። ዳሩ ግን በእኛ ሪፖርት ላይ ሥልጠናው «የዕቅዱ 100 በመቶ»፣ አልፎ አልፎም «112 በመቶ» ተፈጽሟል። ሁሉም ነገር ከዕቅድ በላይ ከተፈጸመ እንግዲህ የወደቀው ምንድን ነው?

ሪፖርቱም የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። የተጻፈበት ትምህርት ቤት ቅጂ አይደርሰውም፤ ቢደርሰውም የአንደኛ ደረጃው መምህር የሚያነበው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሲዳምኛ ነው። አንድ ሰው ስለ እርሱ የተጻፈውን ማንበብ ካልቻለ እንዴት ይሟገታል? ምናልባትም እንዳይሟገት ይሆናል።

በጎ የሆነውን አንክድም። በአፍ መፍቻ ቋንቋ የታተሙ የንባብ መጻሕፍት ያለ መጽሐፍ በነበረ ክፍል ሲገቡ አይተናል። ለልጃገረዶች ለብቻው የተሠራ መጸዳጃ ቤት ስንቷን እንዳስቀራት አይተናል፤ ምሳ የሚሰጥበት ትምህርት ቤት በረኃብ ወራት እንዴት እንደማይባዶ አይተናል። ሥራው ዋጋ የሌለው ቢሆን ኖሮ ዝም ብለን በሄድን ነበር።

ከሁሉ የከነከነን የመንደሩ አመቻቾች ነገር ነው። አሥረኛ ወይም ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰው ቤት የቀሩ፣ ይበልጡን ሴቶች ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጆችን በዛፍ ጥላ ሥር ሰብስበው ፊደል ያስቆጥራሉ፤ ተረት ያነባሉ። በእውነት ካየነው ሁሉ ማስተማር የሚባለው ይህ ብቻ ነበር። ለዚህም የድርጅቱ ስም ያለበት ካናቴራና የትራንስፖርት ገንዘብ ይሰጣቸዋል፤ ስማቸውም በጎ ፈቃደኛ ነው። ከበላያቸው ያለው የመስክ ሠራተኛ በወር ደሞዝ፣ ከእርሱ በላይ ያለው የተሻለ ደሞዝ፣ ከሁሉ በላይ ያለው አማካሪ በዶላር ይከፈለዋል። ከመሰላሉ ወደ ታች በወረዱ መጠን በጎ ፈቃዱ እየበዛ ይሄዳል! በአንደኛው ድርጅት ፕሮጀክቱ በሰኔ ሲዘጋ የእነዚህ ልጆች የሁለት ወር የትራንስፖርት ገንዘብ ሳይከፈል ቀረ። የመዝጊያው በዓል ግን ተደርጓል፤ ኬክም ነበረበት።

ስለ ራሳችንም ውል እንናገር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደ ተደረገ ይቆጠራል ይላል፤ ለተወሰነ ጊዜ የሚደረገው በልዩ ምክንያት ነው። እኛ ግን ሦስት ዓመት የሚቆይ ፕሮጀክት ላይ በየስድስት ወሩ የሚታደስ ውል ፈርመናል። ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሁሉም ሰው አንገቱን ይደፋል፤ ስለ ሐሰተኛ ቁጥር የሚጠይቅ አንደበት አይገኝም። በዚያው በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ደግሞ የ2001ዱን አስጨናቂ አዋጅ ቁጥር 621 ሽሮ የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳያልፍ ወስኗል። አሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን አለቆች ደሞዝ በተጠየቀ ቁጥር ይህን ሕግ እንደ ጋሻ ያነሡታል። በትምህርት ሥራ ዋናው ወጪ ሰው መሆኑን ዘነጉት። የሚያስተምር ሰው ደሞዝ በየት በኩል ነው የአስተዳደር ወጪ የሚሆነው?

የዕድሜ ባለጸጋ የሆኑ መምህሮቻችን «እኛ በ1957 በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት አንድ ዓመት ጠቅላይ ግዛት ወርደን አገልግለናል፤ እናንተ ምን ያስጮኻችኋል?» ይሉናል። እናከብራቸዋለን፤ ምሳሌው ግን ለእኛ ነው የሚመሰክረው። ያ ተማሪ ክፍል ገብቶ ያስተምር ነበር፤ አለቃው ርእሰ መምህሩ ነበር፤ የሠራውን የሚያውቁት ተማሪዎቹ ነበሩ። ዛሬ ተመራቂው ከርእሰ መምህሩ በላይ ተቀምጦ ከክፍሉ ውጭ ይውላል።

«ከሥራ ፈትነት ይሻላል» የሚሉም አሉ። ይሻላል፤ ግን እስከ መቼ? ከጥምቀት ማግሥት፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በዋሽንግተን የተፈረመ አንድ ወረቀት የአሜሪካንን የውጭ ርዳታ አገደ፤ በሰኔ 24 የተራድኦ ድርጅቱ ራሱ ሥራውን አቆመ። በዚያ ገንዘብ ይተዳደሩ የነበሩ ሠራተኞች በአገራችንም ከቢሮ ወጡ። የዚያን ጊዜ ማንም ለጋሽ የትኛው ክፍል መሐል ንባብ ላይ እንዳለ አልጠየቀም። የልጆች ፊደል በሌላ አገር ምርጫ ላይ እንዲንጠለጠል የተስማማው ማን ነው?

ስለዚህ ወደ ግቢያችን ለምልመላ የሚመጣ ድርጅት ሁሉ በማኅበሩ በኩል እንዲጠየቅ እንፈልጋለን። ውሉ የፕሮጀክቱን ዕድሜ ያህል ይሁን፤ ሥልጠናው በክረምት ይሁን፤ ሪፖርቱ በትምህርት ቤቱ ቋንቋ ተጽፎ ርእሰ መምህሩ ሳይፈርምበት አይውጣ፤ አመቻቾቹም በደሞዝ መዝገብ ይግቡ። ይህን የማይቀበል በአዳራሻችን ሥዕሉን አያሳይ። የመምህራን ጉባኤም አሳቡን በጽሑፍ እንዲሰጠን እንጠይቃለን።

ውል የተሰጣችሁ የዘንድሮ ተመራቂዎች ሳትፈርሙ በፊት ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ኑ። የሕግ ትምህርት ክፍል ሦስት ተማሪዎች ሐሙስ ሐሙስ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ተቀምጠው አብረዋችሁ ያነቡታል።