ዝም ያለው መብራትና «የአሽከርካሪ ስህተት»

በኢትዮጵያ ከባድ ተሽከርካሪ አደጋ ባደረሰ ቁጥር የሚሰጠው ማብራሪያ ተመሳሳይ ነው፤ ሾፌሩ ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ ነድቷል፣ አልተጠነቀቀም ወይም ደክሞት ነበር ይባላል፣ የፖሊስ ሪፖርቶችም የአብዛኞቹን አደጋዎች ምክንያት «የአሽከርካሪ ስህተት» ብለው ይመዘግባሉ። የአዲስ አበባ ነዋሪ ሲኖትራክ የተባለውን የጭነት መኪና «ቀይ ሽብር» ብሎ የሰየመበት ምሬትም ያነጣጠረው መሪውን በያዘው ሰው ላይ ነው። ይህ ማብራሪያ ብዙ ጊዜ እውነትነት ቢኖረውም አንድ ጥያቄ ሳይጠየቅ እንዲታለፍ ያደርጋል፤ ይኸውም ሾፌሩ ማወቅ የነበረበትን ነገር ተሽከርካሪው በጊዜው ነግሮት ነበር ወይ የሚለው ነው።

ጥያቄው የሚመነጨው ከከባድ ተሽከርካሪ አሠራር ነው። ትልቅ የጭነት መኪና የሚቆመው በታመቀ አየር ሲሆን፣ አየሩ በአንድ ቦታ ሲያፈተልክ ግፊቱ ቀስ በቀስ ይወርዳል፤ ሾፌሩ ይህን በእግሩ ስሜት ሊያውቅ የሚችለው ብዙውን ጊዜ ከረፈደ በኋላ በመሆኑ፣ ግፊቱ ከተወሰነ ልክ በታች ሲወርድ (በአሜሪካ ደንብ 60 ፒ.ኤስ.አይ፣ ማለትም 4 ባር ገደማ ሲደርስ) በዳሽቦርዱ ላይ የማስጠንቀቂያ ምልክት መታየት አለበት። ጎማዎች በፍሬን ጊዜ ተቆልፈው እንዳይንሸራተቱ የሚያደርገው ኤ.ቢ.ኤስ የተባለው ሥርዓትም ሲበላሽ የራሱን መብራት ያበራል። በአሮጌዎቹ መኪኖች ይህ ሁሉ በአንድ ማብሪያ፣ በአንድ ገመድና በአንድ አምፖል የሚሠራ ነበር። በአዲሶቹ ግን ሴንሰሩ የለካውን ኮምፒውተር ያነበዋል፣ መብራቱ ይብራ ወይስ አይብራ የሚለውንም የሚወስነው ሶፍትዌር፣ ማለትም የኮምፒውተሩ የትእዛዝ ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ሴንሰሩም አምፖሉም ደኅና ሆነው ሳለ መልእክቱ ለሾፌሩ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል፤ ቁልፉ ሲዞር መብራቶቹ ለጥቂት ሰከንድ በርተው የሚጠፉበት የመነሻ ፍተሻም አምፖሉ መሥራቱን እንጂ ትእዛዙ ትክክል መሆኑን አያረጋግጥም።

በሌላ አገር እንዲህ ያለ ጉድለት ቀላል ተደርጎ አይታይም። በአሜሪካ ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕግ አምራቹ የደኅንነት ጉድለት መኖሩን በወሰነ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ለመንግሥት ያሳውቃል፣ ለባለንብረቶች ደብዳቤ ይልካል፣ ጥገናውንም ያለ ክፍያ ይሠራል፤ «ሪኮል» ወይም ለጥገና መልሶ መጥራት የሚባለው ይህ ነው። በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ቴስላ 2.2 ሚሊዮን ገደማ መኪኖችን የጠራው የፍሬንና የኤ.ቢ.ኤስ ማስጠንቀቂያ ምልክቶች የፊደል መጠን ከደንቡ በማነሱ ብቻ ነበር፤ የከባድ መኪና አምራቾችም በማስጠንቀቂያ መብራት ሶፍትዌር ጉድለት ምክንያት ተመሳሳይ ጥሪ ሲያደርጉ ኖረዋል። ሲኖትራክ በሚመረትባት ቻይናም ከ2013 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ የሚሠራበት የሪኮል ደንብ አለ። እንግዲህ በአምራቹ አገር ባለንብረቱ በሕግ የሚጠራበት ጉድለት፣ ያው መኪና ጅቡቲን አልፎ ኢትዮጵያ ሲገባ ጠሪ የሌለው ይሆናል ማለት ነው።

ጉዳዩን ይበልጥ የሚያሳዝነው ኢትዮጵያ ይህንኑ ክርክር በአየር ላይ ተከራክራ ያሸነፈች አገር መሆኗ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከአዲስ አበባ በተነሳ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ሲሞቱ፣ ጣታቸውን በአብራሪዎቹ ላይ የቀሰሩ ድምፆች ከውጭ ወዲያው ተሰምተው ነበር። መጋቢት 26 ቀን የያኔዋ የትራንስፖርት ሚኒስትር ዳግማዊት ሞገስ የመጀመሪያውን ሪፖርት ሲያቀርቡ አብራሪዎቹ አምራቹ ያዘዘውን ሥርዓት ደጋግመው እንደፈጸሙ አስታወቁ። ከዚያ በኋላ የአውሮፕላኑ አምራች ቦይንግ ራሱ እንዳመነው፣ የአውሮፕላኑ ክንፍ ከሚመጣበት አየር ጋር የሚፈጥረውን ማዕዘን የሚለኩት ሁለት ሴንሰሮች አለመስማማታቸውን የሚያሳውቀው ማስጠንቀቂያ በሶፍትዌር ስህተት የተነሳ የወደቀው ዓይነት በሆኑት በአብዛኞቹ 737 ማክስ አውሮፕላኖች ላይ አይሠራም ነበር፤ ኩባንያው ይህን ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እያወቀ እርማቱን ለኋላ አቆይቶት ነበር። ኢትዮጵያ ያን ጊዜ «የአብራሪ ስህተት» የሚለውን ቀላል መልስ አልተቀበለችም፤ ባለመቀበሏም ትክክል ነበረች። ያንኑ መልስ ለጭነት መኪና ሾፌር ሲሆን ያለ ምርመራ መቀበሏ ግን ምክንያት ሊቀርብለት የሚችል ነገር አይደለም፤ የሾፌሩ ሕይወት ከአብራሪው ሕይወት አያንስምና።

የዚህ ቸልተኝነት ዋጋ የሚከፈልበት ቦታ የታወቀ ነው። ከደሴና ከደብረ ብርሃን የሚመጣው ጭነት በለገጣፎና በካራ አድርጎ በኮተቤ በኩል ወደ መገናኛ ይወርዳል፤ ከመንገዱ በስተ ሰሜን የእንጦጦ ተራሮች የተዘረጉበት የየካ ክፍለ ከተማ በአቀበትና በቁልቁለት የተሞላ ነው፤ ቁልቁለቱ ሲያልቅም የሚገኘው ባዶ ሜዳ ሳይሆን መገናኛና ሾላ ገበያ ነው። በሾላ ገበያ ዙሪያ እህል፣ ቅመምና ዶሮ የሚሸጡ ሰዎች፣ ተሸካሚዎችና ሸማቾች የሚተላለፉት ከተሽከርካሪው ጥቂት ክንድ ርቀው ነው። ይኸው መኪና ሲመለስ ደግሞ በጣርማ በር ዋሻ አልፎ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርዳል። በእንዲህ ያለ መንገድ የአየር ግፊት መቀነሱን ሁለት ደቂቃ ቀድሞ ማወቅና አለማወቅ መኪናውን ዳር ይዞ በማቆምና ባለማቆም መካከል ያለ ልዩነት ነው።

በጋራዦች የተለመደው «ሴንሰር ነው፣ ምንም አይልም» የሚለው ምክርም የዚሁ ክፍተት ልጅ ነው። ያለ ምክንያት የሚበራ መብራት ሾፌሩን ማስጠንቀቂያን እንዲንቅ ያስተምረዋልና እንደማይበራው መብራት ሁሉ አደገኛ ነው፤ በመጨረሻም የስህተት ኮዱ በኮምፒውተር ይጠፋል፣ አልጠፋ ካለም ገመዱ ይነቀላል። መካኒኩን በዚህ መውቀስ ይቀላል፤ ነገር ግን የአምራቹ ማስታወቂያ የማይደርሰው መካኒክ ብልሽቱ የሴንሰር ይሁን የሶፍትዌር፣ ወይም ፍሬኑ ራሱ ይሁን የሚለይበት መንገድ የለውም።

ሕጉ ይህን ክፍተት አይሞላም። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ፣ ሕዝቡ ቦሎ የሚለው፣ ፍሬኑ በዚያ ቀን መያዙን ይለካል እንጂ ፍሬኑ ወደፊት ሲደክም መብራቱ እንደሚበራ አያሳይም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ ለማስለወጥ ወይም ገንዘብ ለማስመለስ ለገዢው የሚሰጠው 15 ቀን ሲሆን፣ ሸማች የሚለውም ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው በመሆኑ ለሥራ መኪና የገዛ ባለንብረት ጭራሽ ከጥበቃው ሊወጣ ይችላል። ጉምሩክ የሻንሲ ቁጥሩን፣ ማለትም የእያንዳንዱን ተሽከርካሪ መለያ፣ ለቀረጥና ለኤክሳይዝ ታክስ ሲል በጥንቃቄ ይመረምራል፤ የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎችን በዕድሜያቸው ለይቶ የሚያስከፍል ስለሆነ የመኪናው ማንነት ለመንግሥት አዲስ ነገር አይደለም። ቁጥሩ ለገንዘብ ሲባል ተፈልጎ ለነፍስ ሲባል አለመፈለጉ ነው ችግሩ።

አገሪቱ ድሃ ስለሆነች ሪኮል ቅንጦት ነው የሚል መከራከሪያ ይቀርብ ይሆናል፤ ይሁን እንጂ የሪኮልን ወጪ የሚሸፍነው አምራቹ ነው፣ የሶፍትዌር እርማትም ክፍል የማይቀየርበት የአጭር ጊዜ ሥራ ነው። መኪኖቻችን አሮጌና ሜካኒካል ናቸው የሚለው ደግሞ እስከ ትናንት በከፊል ይሠራ ነበር። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን በ2016 ዓ.ም. ካሳወቀ ወዲህ ግን ከመሪው እስከ ፍሬኑ በሶፍትዌር የሚታዘዙ የኤሌክትሪክ መኪኖች በብዛት እየገቡ ነው፤ ከእነዚህም ውስጥ ከቻይና ገበያ በቀጥታ ተገዝተው የመጡና ስክሪናቸው በቻይንኛ ብቻ የሚጽፍ ይገኙባቸዋል። ሾፌሩ ሊያነበው የማይችለው ማስጠንቀቂያ ካልተሰጠ ማስጠንቀቂያ አይለይም።

ለመጀመር አዲስ መሥሪያ ቤት አያስፈልግም። አስመጪው ከአምራቹ የሚወጣ ማንኛውም የሪኮል ማስታወቂያ በደረሰው ጊዜ ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር እንዲያሳውቅ ቢገደድ፣ ቦሎ ሲታደስ የሻንሲ ቁጥሩ በአምራቹ አገር ካለው የሪኮል መዝገብ ጋር ቢመሳከር፣ የአደጋ መርማሪ ፖሊስም ከሾፌሩ መንጃ ፈቃድ ቀጥሎ በመኪናው ኮምፒውተር ውስጥ የተመዘገበውን የብልሽት ኮድ የሚያስነብብበት ሥርዓት ቢኖር፣ «የአሽከርካሪ ስህተት» ተብሎ የሚሞላው ዓምድ ከመሞላቱ በፊት ቢያንስ አንድ ጊዜ ይመረመር ነበር።