ለግሸን ክረምቱን አስቀምጡላት

የግሸን ደብረ ከርቤ የውኃ ነገር በተነሳ ቁጥር ዓይናችን ቁልቁል ይሄዳል። ከገደሉ ሥር ምንጭ ይጎልብት፣ ጥልቅ ጉድጓድ ይቆፈር፣ ሞተር ይተከል፣ ውኃው በቧንቧ ተገፍቶ አምባው ላይ ይውጣ እንላለን። ለነዋሪው ይህ መደረግ አለበት። ለበዓሉም ይኸው መንገድ ይበቃል ማለት ግን ገንዘብ ገደል መክተት ነው ባይ ነኝ።

ግሸን ሁለት ከተማ ናት። አንደኛዋ ካህናቱ፣ መነኮሳቱ፣ የአብነት ተማሪዎቹና ነጋዴው ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩባት፣ ቀስ በቀስ የምታድገው ትንሿ ከተማ ናት። ሁለተኛዋ መስከረም 21 የግማደ መስቀሉ በዓል ሲከበር በመቶ ሺህዎች የሚቆጠር ምዕመን ከየአቅጣጫው መጥቶ በጥቂት ቀን የሚሠራት፣ በጥቂት ቀን የሚበትናት ናት። መሐንዲሱ ወረቀቱን ሲዘረጋ ለየትኛዋ ነው የሚነድፈው?

ሒሳቡን እንየው። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የተቀመጠው መስፈርት ለገጠር ነዋሪ በቀን 25 ሊትር፣ ለትንንሽ ከተሞች ነዋሪ ደግሞ 40 ሊትር ነበር። በ40 ሊትር ቢታሰብ ለአንድ ሺህ ነዋሪ በቀን 40 ሜትር ኩብ ይበቃል። አሁን ለምሳሌ ያህል 200 ሺህ ተሳላሚ አምባው ላይ አደረ እንበል። ለመጠጥና ለእጅ መታጠቢያ ብቻ ለእያንዳንዱ 5 ሊትር ብንሰጥ በቀን 1,000 ሜትር ኩብ እንፈልጋለን። ይህም አሥር ሺህ ሊትር ለሚጭን ቦቴ መቶ ምልልስ ነው፤ ያውም መንገዱ በአውቶቡስና በእግረኛ በተጨናነቀበት ሰሞን። በሞተር እንግፋው ካልንም ለጥቂት ቀን ሠርቶ ዓመቱን በሙሉ የሚቦዝን ግዙፍ መሣሪያ ገዝተን ማስቀመጣችን ነው።

አቀበቱም በነፃ አይወጣም። ውኃ 100 ሜትር ሽቅብ በተገፋ ቁጥር ከታች ቧንቧው ላይ የሚያርፈው ግፊት 10 ባር ገደማ ይጨምራል። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 300 ሜትር ለማውጣት፣ የሞተሩና የቧንቧው ብክነት ሲደመር፣ ከአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ኤሌክትሪክ ይበላል። መብራቱ ሲጠፋ ደግሞ ሁሉም ነገር ይቆማል። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ወሎ ሲገባ ከተሞቻችን ለሳምንታት በጨለማ መክረማቸውን የረሳ የለም። መብራት ብቻ የሚጠብቅ ቧንቧ በክፉ ቀን ደረቅ ብረት ነው።

እስኪ አሁን ዓይናችንን ወደ ላይ እናንሳ። በአብዛኞቹ ከተሞቻችን የውኃ ፍላጎት የሚያይለው በጋው ሲበረታ፣ ምንጩ ሲሟጠጥ ነው። ግሸን ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ትልቁ ጥማት የሚመጣው በመስከረም መጨረሻ፣ ሐምሌና ነሐሴ ዶፋቸውን አውርደው ባበቁ ማግስት ነው። ማጠራቀሚያ ቢኖር ኖሮ ጢም ብሎ የሚሞላው ልክ እንግዳው በሚደርስበት ሰሞን ነበር። እኛ ግን ያ ሁሉ ጎርፍ በገደሉ ዙሪያ እየተንዠቀዠቀ ወደ በሽሎ ወንዝ፣ ከበሽሎም ወደ ዓባይ ሲወርድ አጨብጭበን እንሸኘዋለን፤ ከወር በኋላ ሃይላንድ በእጥፍ ዋጋ እየገዛን የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው እንላለን።

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። በክረምቱ 600 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ አንድ ሄክታር 6,000 ሜትር ኩብ ውኃ ይቀበላል። ግማሹ ቢባክን እንኳ ቀሪው 3,000 ሜትር ኩብ ቅድም ያሰብነውን የ200 ሺህ ሰው የሦስት ቀን ውኃ ይሸፍናል። ይህን ለመያዝ 30 በ20 ሜትር የሆነ፣ 5 ሜትር የሚጠልቅ ጋን ይበቃል፤ ባይሆን ለሦስትና ለአራት ተከፋፍሎ ከመሬት በታች ሊቀበር ይችላል። በአብያተ ክርስቲያናቱና በእንግዳ ማረፊያዎቹ ቆርቆሮ ላይ አሸንዳ መግጠም ብቻ ጥሩ ጅምር ነው። 500 ካሬ ሜትር ጣሪያ፣ አንድ አምስተኛው ቢፈስ እንኳ፣ በዚያው ክረምት 240 ሜትር ኩብ ያቀብላል።

ይህ የፈረንጅ ቅዠት እንዳይመስለን። ማሳዳ በሙት ባሕር አጠገብ ያለች፣ ዙሪያዋን ገደል የሆነች አምባ ናት፤ ዓመታዊ ዝናቧ መቶ ሚሊ ሜትር አይሞላም። የሄሮድስ ሰዎች ግን ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የሸለቆውን ጎርፍ በቦይ መልሰው፣ ከዐለት በተፈለፈሉ ጉድጓዶች 40,000 ሜትር ኩብ ገደማ ውኃ ማከማቸት ችለዋል። እኛም ብንሆን አክሱም ላይ ማይ ሹም የተባለውን የውኃ ማጠራቀሚያ የሠራን ሰዎች ነን። የነገሥታቱ ልጆች እስከ 16ኛው መቶ ዘመን ድረስ በግሸን ይታገዱ ነበር፤ ይህ ወሬ አውሮፓ ደርሶ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 እ.ኤ.አ. የራሴላስን ታሪክ ጻፈ፤ መሳፍንቱንም ጅረት በየአቅጣጫው በሚወርድበት፣ መሐሉ ሐይቅ በሆነ ሸለቆ አኖራቸው። ሐይቁ ልብ ወለድ ነው፤ ክረምቱ ግን እውነት ነው።

የዝናብ ውኃ ይቆሽሻል የሚለው ስጋት ትክክል ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያውን አጥቦ ይፍሰስ፣ ጋኑ ይከደን፣ ውኃው በአሸዋ ይጣራ፣ በክሎሪን ይታከም። ከዚህ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ መጸዳጃ ቤት ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በምዕራብ ጎንደር ቋራ፣ በበርሜል ጊዮርጊስ ጸበል ቦታ የተነሳው ኮሌራ ሰው በአንድ ሥፍራ ሲታጨቅ ምን እንደሚመጣ አሳይቶናል። በተሰነጣጠቀ ጥቁር ድንጋይ አምባ ላይ የተጣለ ቆሻሻ እዚያው አይቀርም፤ ሰርጎ ከሥር ባለው ምንጭ ይወጣል። ያን ምንጭ የሚጠጣው የአምባሰል ገበሬ ነው። ስለዚህ ለጋን የተያዘ በጀት ለመጸዳጃ ቤት ካልተረፈ ሥራው ጎዶሎ ነው።

ሞተሩም ይቅር አላልኩም። ለነዋሪው የሚበቃ፣ ቀን በፀሐይ ኃይል የሚሠራ፣ ጫናውን ለመቀነስ በሁለት ደረጃ የሚገፋ አነስተኛ ሞተር ከታች ይተከል፤ በበጋ ቦኖው እንዳይደርቅ ጋኑንም ይደግፍ። ቦኖው ጠባቂ፣ ሞተሩ መለዋወጫ፣ ጋኑ ዓመታዊ እጥበት ይፈልጋል። ውጫሌ ያለው የአምባሰል ወረዳ ውኃ ጽሕፈት ቤት ብቻውን አይችለውም። ሀገረ ስብከቱ፣ ደብሩና ወረዳው አንድ የጋራ ሒሳብ ከፍተው፣ ከበዓሉ ከሚሰበሰበው የተወሰነ ድርሻ በየዓመቱ ለውኃው ጥገና ቢመድቡ፣ የምዕመኑ ስጦታ ተመልሶ ለምዕመኑ ጥም ዋለ ማለት ነው።

ለግሸን ውኃ ጥናት የሚሠራ ባለሙያ ሁለቱን ከተሞች ለየብቻ ይቁጠርልን። የነዋሪው ውኃ ከሥር ይውጣ፤ የበዓሉ ውኃ ከላይ ይያዝ። የሞተሩን የፈረስ ጉልበት ከመጠየቄ በፊት ጳጉሜን 5 ቀን ጋኑ ውስጥ ስንት ሜትር ኩብ እንደሚኖር ማወቅ እፈልጋለሁ። ያ ቁጥር የሌለበት ጥናት ለግሸን አልተጠናም።