የወለጋ አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት፡ መዝገባቸው የት ይቀመጥ?

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ በእስር ሳለ ጢሞቴዎስ ይዞለት እንዲመጣ ካዘዘው ጥቂት ዕቃ መካከል የብራና መጻሕፍት ይገኙበታል (2ኛ ጢሞ. 4፥13)። አባቶቻችንም በመከራ ዘመን ከራሳቸው ንብረት አስቀድመው ያሸሹት ታቦቱንና መጻሕፍቱን ነበር። ባለፉት ዓመታት በወለጋ ዞኖች በደረሰው ግጭት ብዙ ምእመናን ከቀያቸው ተፈናቅለዋል። ካህኑም ምእመኑም ሲሰደዱ በዕቃ ቤት የሚቀረውን መጽሐፍ ማን ይጠብቀዋል? ቢጠፋስ እንደ ነበረ በምን ይታወቃል?

ስለ ብራና መጻሕፍት ሲነገር የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ አባ ገሪማ፣ ወደ ላሊበላና ወደ ጣና ገዳማት ይሄዳል። ነቀምቴን፣ ጊምቢን፣ ደምቢ ዶሎንና ሻምቡን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። በእርግጥ በእነዚህ ከተሞችና በአካባቢያቸው ካሉት አብያተ ክርስቲያናት ብዙዎቹ የተመሠረቱት የሌቃ ነቀምቴው ገዥ ሞሮዳ በከሬ ለምኒልክ ከገበሩ በኋላ፣ በተለይም ልጃቸው ኩምሳ ገብረ እግዚአብሔር ተብለው ክርስትና ከተነሡ ወዲህ ነው። ስለዚህ መጻሕፍቱ በአመዛኙ ከሌላ ቦታ የመጡ ወይም በቅርብ ዘመን የተጻፉ ናቸው። «አዲስ ናቸው» ተብለው የሚናቁትም በዚህ ምክንያት ነው። ይህ አስተሳሰብ በእኛ ዕይታ ትልቅ ስሕተት ነው።

በመጽሐፍ ኅዳግና በባዶ ቅጠሎቹ ላይ መጽሐፉን ማን እንዳጻፈው፣ ለየትኛው ደብር እንደ ሰጠው፣ የትኛው መሬት ለማን እንደ ተሰጠ ተጽፎ ይገኛል። የዳዊቱ ንባብ በሺህ ቦታ ሊገኝ ይችላል፤ ያቺ የኅዳግ ማስታወሻ ግን ያለችው በዚያው መጽሐፍ ብቻ ነው። የዚህን ዓይነት ጽሑፍ ዋጋ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በኩምሳ ሞሮዳ ዘመን ወደ ነቀምቴ የተላኩ የአማርኛ ደብዳቤዎችን አሌሳንድሮ ትሪዩልዚና ተሰማ ታአ አሰባስበው እ.ኤ.አ. በ2004 አሳትመዋቸዋል። ዛሬ የወለጋን ታሪክ የሚያጠና ሁሉ ከእነርሱ ይጠቅሳል። በቤተ መንግሥቱ ወገን የነበረው ወረቀት እንዲህ ሲታወቅ፣ በየደብሩ ዕቃ ቤት ያለው ግን ገና አልተነበበም ማለት ይቻላል።

በሀገር ደረጃ የተሠራ ትልቅ ሥራ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የኢትዮጵያ የብራና ጽሑፎች ማይክሮፊልም ድርጅት 9,000 የሚደርሱ መጻሕፍትን በፊልም አንሥቷል፤ ቅጂዎቹ በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኒሶታ ይገኛሉ፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ብዙዎቹን መርምረው በካታሎግ አስገብተዋል። ሥራው ያተኮረው ግን በአመዛኙ በማዕከላዊና በሰሜን አካባቢዎች ነበር፤ የምዕራቡ ድርሻ አነስተኛ ነው። በመቅደላ፣ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ከተዘረፉት መጻሕፍት ብዙዎቹ በለንደን ቤተ መጻሕፍት መኖራቸውን የምናውቀው ቁጥር ተሰጥቷቸው፣ በካታሎግ ስለ ተመዘገቡ ነው። ነገሩ ያሳዝናል፤ የተዘረፈው ተመዝግቦ፣ በእጃችን ያለው ሳይመዘገብ ቀርቷል!

አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ እንዲመዘገብና ያለ ፈቃድ ከሀገር እንዳይወጣ ይደነግጋል። ነገር ግን የደብሩ መዝገብ ከመጻሕፍቱ ጋር በአንድ ሣጥን ከተቀመጠ፣ ዕቃ ቤቱ ሲቃጠል ወይም ሲዘረፍ ማስረጃውም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ መዝገቡ በሦስት ቅጂ ተዘጋጅቶ አንዱ በደብሩ፣ ሁለተኛው በወረዳ ቤተ ክህነት፣ ሦስተኛው በሀገረ ስብከቱ መቀመጥ ይኖርበታል። የመጽሐፉን ስም ብቻ ሳይሆን የቅጠሉን ብዛት፣ ቁመቱንና ወርዱን፣ የገበታውንና የማኅደሩን ሁኔታ፣ የጎደለውንና የተቀደደውን መያዝ አለበት። «አንድ ተአምረ ማርያም» ተብሎ የተጻፈ መዝገብ በፍርድ ቤት የትኛውን ተአምረ ማርያም ያስመልሳል?

በሌላ በኩል መዝገቡ ራሱ የሌባ መሪ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያሻል። በቅንነት ይሁን በኩራት፣ የጥንት መጻሕፍትን ፎቶ ከደብሩ ስም ጋር በቴሌግራምና በፌስቡክ የሚለጥፉ ወጣቶች አሉ። ለመንፈሳዊ ቅንዓታቸው እናመሰግናቸዋለን፤ ልማዱ ግን ቢቀር ይሻላል።

ስለ አያያዙም ጥቂት እንበል። ወለጋ ዝናብ የሚበዛበት ሀገር ነው፤ ብራና ደግሞ እርጥበት ሲስብ ይኮማተራል፣ ይሻግታል። መጽሐፉን በፕላስቲክ ጠቅልሎ በቆርቆሮ ሣጥን መዝጋት ከዝናብ ያዳነው ቢመስልም እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ ያስቀረዋል። የረጠበውን ፀሐይ ላይ ማስጣትም ይጎዳዋል፤ በጥላ ነፋስ ይበቃዋል። ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት መደርደሪያ ማኖር፣ የጧፍ ሰም እንዳይንጠባጠብበት መጠበቅ፣ ቁጥሩን በብዕር ብራናው ላይ ሳይሆን በተለየ ወረቀት መጻፍ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው።

የታተሙትንም አንርሳ። ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ በግእዝ ፊደል ያዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ የሃይማኖት ልዩነታችን እንዳለ ሆኖ፣ ዛሬ ብርቅ ከሆኑት መጻሕፍት አንዱ ነው። በአፋን ኦሮሞ የሚቀድሱና የሚሰብኩ ወጣት ካህናት ባፈሩ አህጉረ ስብከት፣ በፊደላችን የተጻፈ የቆየ ኦሮምኛ በየትም ወድቆ ቢገኝ ሊሰበሰብ ይገባዋል።

ነቀምቴ የወለጋ ዩኒቨርሲቲና የወለጋ ሙዚየም መቀመጫ ስለሆነች በአቅራቢያ ባለሙያ አይጠፋም። መጻሕፍቱን በዲጂታል ለማንሣት ስምምነት ቢደረግ ግን በጽሑፍ ይሁን፤ ዋናው ከደብሩ ቅጥር አይውጣ፤ ሲገለጥ የደብሩ ካህን በአጠገቡ ይቁም፤ የመጀመሪያው ቅጂም ለባለቤቱ ደብር ይሰጥ።