መንጠቆና ትዕግሥት በጉማራ ወንዝ

ሳምንቱን በመጽሐፍና በመዝገብ ላይ አጎንብሶ የሰነበተ ወጣት፥ በዕረፍቱ ቀን መንጠቆና ክር ይዞ ወደ ጉማራ ወንዝ ቢወርድ ጊዜውን በከንቱ አባከነ አንለውም። በክሩ ላይ የታሰረው ቡሽ በውሃው ላይ ሲንሳፈፍ ተቀምጦ መጠበቅ ትዕግሥትን ያስተምራልና። ቡሹ ሳይሰጥም የሚቸኩል፥ ከሰጠመም በኋላ የሚዘገይ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ በሥራም ቢሆን እንደዚሁ ነው።

ነገር ግን ጊዜን መለየት ያስፈልጋል። በጣና ሐይቅ፥ በሌላ ስፍራ የማይገኙ ከ15 የማያንሱ የነጭ ዓሣ ዓይነቶች ይኖራሉ። ከእነዚህም በርካቶቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ጉማራ፥ ወደ ርብና ወደ መገጭ ይወጣሉ። በዚያን ወራት በወንዝ አፍ መረብ የሚዘረጋ፥ ወይም ውሃውን በብርብራ ፍሬ የሚመርዝ ሰው የሚያጠፋው የዛሬውን ዓሣ ብቻ ሳይሆን የከርሞውንም ጭምር ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ የእነዚህ ዓሦች ብዛት በ75 በመቶ ያህል መቀነሱን ተመራማሪዎች ገልጸዋል።

ስለዚህ ወጣቶቻችን በበጋ በመንጠቆአቸው ይደሰቱ፤ ክረምት ሲገባ ግን ዓሦቹ ወልደው ወደ ሐይቁ እስኪመለሱ መንጠቆውን ይስቀሉ። ሥልጣን የተሰጣቸውም የወንዙን አፍ ከመረብ ይጠብቁ እንላለን።