ዘዬ የሌለው ጀግና የለም

«ድምፅህ ግሩም ነው፤ ዘዬህን አስተካክለህ ና።» ይህን የተባለው ከሰንበቴ ከተማ ተነሥቶ አዲስ አበባ ድረስ ለድምፅ ፈተና የሄደ ልጅ ነው። ሥራው ሊሠራ የታሰበ የአማርኛ ጌም ነበር፤ ነገሥታት፣ ጠንቋዮች፣ ዘንዶና ጦረኛ ያሉበት የተረት ዓለም። ምክንያቱንም አልደበቁትም። ታሪኩ ከባድ ነው፣ የአገር ቤት አነጋገር ከገባበት ኮሜዲ ይሆናል፣ እኛ የምንፈልገው ዘዬ የሌለው ድምፅ ነው አሉት። ሊወጣ ሲል ደግሞ የበር ጠባቂው ቦታ ገና ስላልተያዘ ለሱ ሊያስቡት እንደሚችሉ ነገሩት።

የአንድ ስቱዲዮ ጥፋት ቢሆን ኖሮ ብዕሬን አላነሣም ነበር። ግን ያው አስተሳሰብ በፊልሙም፣ በማስታወቂያውም፣ በዳቢንጉም ሰፈር አለ። የሚናገሩትም ሰዎች የጥራት ጉዳይ ነው ብለው ያምናሉ። እንግዲያው ስለ ጥራት እንነጋገር።

«ዘዬ የሌለው ድምፅ» የት ነው ያለው? የቋንቋ ምሁራን የአማርኛን ዘዬዎች ሲመድቡ የጎንደር፣ የጎጃም፣ የወሎ፣ የመንዝ ብለው ይቆጥሩና አምስተኛውን የአዲስ አበባ ይሉታል። አምስተኛው ዘዬ ነው እንጂ በአራቱ ላይ የተሾመ ዳኛ አይደለም። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ስለያዙት ጆሯችን ለመደው፤ ከዚያ ሌላ የተለየ ክብር የለውም። በውስጡ ተወልዶ ያደገ ሰው የራሱን ዘዬ አይሰማውም፤ ሌላው ሰው ግን ጥርት አድርጎ ይሰማዋል። እሁድ ሰንበቴ ገበያ ወርዶ ፍየል የሚጠይቅ የአዲስ አበባ ሰው ይህን ሳይወድ ይማራል። ሻጩ ቀና ብሎ ሳያየው ከየት እንደመጣ ያውቃል፤ ዋጋውም እንደዚያው ይጠራለታል። ታዲያ ዘዬ ያለው ማን ነው?

ይህን ነጥብ ሳነሣባቸው «እሱማ ልክ ነው፣ ግን አድማጩ የለመደው ይህን ነው» ይላሉ። አድማጩን ማን አስለመደው? እናንተው ናችሁ። ልጁን የምትመልሱት እናንተ፣ ቦታውን ለአዲስ አበባው ልጅ የምትሰጡት እናንተ፤ ከዚያ ተመልሳችሁ በአድማጩ ጆሮ ታመካኛላችሁ።

በአድማጭ ከተባለ ከሚሴ ከተማ ያሉትን ጌም ቤቶች ልጥቀስ። እዚያ የሚውሉ ልጆች ከኳሱ ጨዋታ ቀጥሎ ጎድ ኦፍ ዋርን ያውቁታል። ክራቶስ የግሪክ ጦረኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ክፍል የሰሜን አውሮፓ አማልክት አገር ገብቶ ልጁን ሲያሳድግ እናየዋለን። ድምፁ የክሪስቶፈር ጀጅ ነው፤ ጥልቅ የአሜሪካ እንግሊዝኛ። ጠቢቡ ሚሚር፣ ያ ተቆርጦ በክራቶስ ወገብ ላይ የሚንጠለጠለው ጭንቅላት፣ የሚናገረው በስኮትላንድ ዘዬ ነው። ግሪኩ አሜሪካዊ፣ የበረዶው አገር ጠቢብ ስኮትላንዳዊ! ከነዚህ ልጆች አንዱም «ይህ ዘዬ ነው፣ ታሪኩ ተበላሸ» ብሎ ተነሥቶ አልወጣም። ይልቅ ክራቶስ ልጁን የሚጠራበትን «ቦይ» የምትል ቃል፣ ቁጣዋን ከነክብደቷ ይዘው፣ መንገድ ላይ ይጣሩባታል። ያሳመናቸው አባትነቱና ሐዘኑ ነው። አንደበቱ ከየት አገር እንደመጣ ለመጠየቅ ጊዜም አላገኙ።

ዊቸር 3ን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2015 የፖላንድ ኩባንያ ያወጣው ጨዋታ ነው። በእንግሊዝኛው ቅጂ የስኬሊጌ ደሴቶች ሰዎች በአየርላንድ ዘዬ ይናገራሉ። በዚያው ዘዬ ንጉሣቸውን በባሕር ላይ ይሸኛሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ስለ ዙፋኑ ይጣላሉ፣ አዲስ ገዢ ያነግሣሉ። ለደሴቶቹ ነፍስ የሰጣቸው አነጋገራቸው ነው። ከዋናው ምድር ሰው ጋር ሲነጋገሩ ሌላ አገር እንደገባችሁ በጆሯችሁ ታውቃላችሁ፤ ካርታ ማየት አያስፈልግም። ዘዬ በተረት ዓለም ውስጥ የሚሠራው ሥራ ይህ ነው። ያልነበረን አገር እንደነበረ አድርጎ ያቆማል።

በውጭው ሁሉም አምሯል ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የጃማይካን አንደበት ለትሮሎች፣ የስኮትላንድን ለድንክዬዎቹ አደለ። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ጨዋታ ድንክዬ ባየ ቁጥር ሳያስብ የስኮትላንድ ዘዬ ይለጥፍበታል። የእኛዎቹ የቀዱት ይህንን ክፉውን ግማሽ ነው። ማዕረግን በዘዬ መመደብን ቀዱ፤ ጀግናው ከመሀል ከተማ፣ የሚሳቅበት ከዳር አገር። ለነገሩ ይህን ከውጭ መቅዳትም አላስፈለጋቸውም፤ በአገራችን ኮሜዲ ውስጥ ቀድሞም ነበር። ዘበኛው፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ ከገጠር ትናንት የገባው ሞኝ ዘመድ እንዴት እንደሚናገሩ ሁላችንም እናውቃለን። ኦሮሞው አማርኛ ሲናገር ጾታ ሲያምታታ፣ ወሎዬው ቃል ሲጎትት፣ ያኔ ሳቅ ይጠበቃል። ጸሐፊው ቀልድ መጻፍ ሲያቅተው የሰውን አፍ ቀልድ ያደርገዋል። ከሠላሳ ዓመት በላይ እንዲህ ስናይ ከርመን ዛሬ «ዘዬ ከገባ ኮሜዲ ይሆናል» ይሉናል። ኮሜዲ ያደረጋችሁት እናንተ ናችሁ! ልጁ ከሰንበቴ የተነሣው ሊያስቃችሁ አይደለም።

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የአገር ውስጥ የፊልምና የቲያትር ሰዎች ገበያችንን ይነጥቀናል ብለው ጮኹ። ያ ክርክር ስለ እንጀራ ነበር፤ ይገባኛል። ነገር ግን ያን ሁሉ የቱርክና የሌላ አገር ድራማ በአማርኛ ስንሰማ የገጠሩ ገበሬም፣ የኢስታንቡሉ ባለጸጋም፣ ከወህኒ የወጣው ወንበዴም በአንድ የቦሌ አማርኛ እንደሚያወሩ ተነሥቶ የተከራከረ ብዙ ሰው አላየሁም። በሺህ የሚቆጠሩ ገጸ ባሕርያት፣ አንድ መንደር። ዳቢንጉ በከንፈር መግጠም በኩል ብዙ ተሻሽሏል፤ ተዋንያኑም ይለፋሉ። ያን ሁሉ ልፋት የሚያጠፋው ሁሉም ሰው ከአንድ ሰፈር የመጣ መምሰሉ ነው።

እውነተኛው የጥራት ችግር ሌላ ቦታ ነው ያለው። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው ኦብሊቪየን በተባለው ጌም ውስጥ አንድ ለማኝ በሚንቀጠቀጥ ድምፅ ሳንቲም ይለምናችኋል። የከተማውን ወሬ ስትጠይቁት በሌላ ሰው ድምፅ፣ ኮስተር ብሎ፣ ጤነኛ ሆኖ ይመልሳል። ያን ትልቅ ዓለም ጥቂት ተዋንያን ነበሩ የተሸከሙት፤ የቀረጻውንም መገጣጠም የሚያይ ዓይን ጎደለ። ተጫዋቹ እስከ ዛሬ የሚስቀው በዚህ ነው። የዚያ ለማኝ ችግሩ ዘዬው አልነበረም፤ ሁለት ሰው መሆኑ ነው። ተዋናዩ ከማን ጋር እንደሚነጋገር፣ ከፊቱ ምን እንደተፈጸመ፣ በጦር ሜዳ ይጩኽ ወይም በምሥጢር ያንሾካሹክ ካልተነገረው፣ መስመሩን እንደ ዜና ያነበዋል። የአማርኛ ድምፅ ሥራ የሚታመመው እዚህ ላይ ነው። ወረቀቱን ሰጥተውት «አንብብ» ይሉታል፤ ሲያነብ «ስሜት ጨምር» ይሉታል። የምን ስሜት? የሚመልስለት የለም። አዘጋጁ ሥራውን ሳይሠራ ቀርቶ ጥፋቱን በልጁ ምላስ ላይ ያሳብባል።

ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብር የተባለውን ልብ ወለድ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ ያደመጠ ሰው የምለውን ያውቃል። አንድ ሰው ብቻውን ፊታውራሪ መሸሻን፣ ጉዱ ካሣን፣ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ሆኖ አንድ አገር ሙሉ በጆሮ አሳየን። በወረቀት ሳይሆን በሰው ውስጥ ገብቶ ነበር የሚናገረው። ለዚያ ሥራ የፈጠነ ኮምፒውተርም ሆነ «የተስተካከለ» አንደበት መስፈርት አልነበረም።

ስለ ተረት ዓለም ክብደት ከተነሣ ደግሞ ወሎ ማንንም አያስተምርም ብሎ የሚያስብ ሰው ወሎን አላዳመጠም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩት የሼህ ሁሴን ጅብሪል የትንቢት ግጥሞች እስከ ዛሬ በሽማግሌዎች አፍ አሉ። ስለ ነገሥታት መውደቅ፣ ስለሚመጣው ዘመን ይናገራሉ፤ የተነገሩትም በወሎ አማርኛ ነው። ሲነገሩ የሚስቅ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ቤቱ ጸጥ ይላል። መንዙማው በዚያው አንደበት ሌሊቱን ያነጋል፣ ጎልማሳውን ያስለቅሳል። ለጠንቋያችሁ፣ ለነቢያችሁ፣ ለሽማግሌው ንጉሣችሁ ድምፅ ፈልጋችሁ አጣን የምትሉት ይህን ሁሉ ዘላችሁ ነው። በዚያ አገር ታላቅን ሰው «አንቱ» ማለት ዛሬም የዕለት ንግግር ነው፤ እናንተ ለንጉሡ አጎንብሶ የሚናገር ባለሟል ለመጻፍ መዝገበ ቃላት ታገላብጣላችሁ።

ሰንበቴንም እዩት። ከሸዋ ሮቢት አልፎ፣ አጣዬ ሳይደረስ፣ በደሴ መንገድ ላይ ነው። እሁድ አፋሩ ከቆላ ግመሉንና ፍየሉን ይዞ ይወጣል፣ ደገኛው እህሉን ያወርዳል፣ አርጎባው ይመጣል፣ ኦሮሞው ባለ አገር ነው። በማግስቱ ሰኞ ደግሞ ባቲ ላይ እንዲሁ ይገናኛሉ። ሰንበቴ በሚገኝበት የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መሥሪያ ቤትና ትምህርት ቤት የሚሠራው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ገበያው ላይ ግን አማርኛው በአራት ዓይነት አንደበት ይነገራል። በዚያ አማርኛ ዕዳ ይከፈላል፣ ባለ ደም ይታረቃል፣ ልጅ ይዳራል። የተረት ጌም ጸሐፊዎች ዓመታት የሚደክሙት እንዲህ ያለ ብዙ ሕዝብ የሚገናኝበት ገበያ ለመፍጠር ነው። እዚህ ተፈጥሮ ቁጭ ብሏል። ከዚያ ገበያ የወጣውን ልጅ ግን «ዘዬህን ጥለህ ና» ብለው መለሱት።

ይህ የውጭ ሰዎችን እንኳ ከእኛ ቀድሞ ገብቷቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 በሲቪላይዜሽን 5 ተጨማሪ ክፍል ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ በ2020 ደግሞ በሲቪላይዜሽን 6 ዳግማዊ ምኒልክ አማርኛ ይናገራሉ። በ2015 በኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 የአፍሪካ ክፍል የኢትዮጵያ ወታደርና ገበሬ በአማርኛ ይታዘዛሉ። የኬንያ ዘር ያለው እንግሊዛዊው አቡበከር ሳሊም በ2017 በአሳሲንስ ክሪድ ኦሪጂንስ ባየክ የተባለውን ግብፃዊ ጀግና በአፍሪካዊ አንደበት ተጫወተ። የራሱን ኩባንያ አቋቁሞ በ2024 ያወጣውን ቴልስ ኦፍ ኬንዜራ፦ ዛው የተባለ ጌም በስዋሂሊ ድምፅ መጫወት ይቻላል። ሰውየው ራሱ ተዋናይ ስለሆነ፣ የሰው አንደበት ከሰውየው ተለይቶ እንደማይታጠብ ያውቃል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ለልጁ ንጉሡን ስጡት፤ ወይም ንጉሡን የሚጥለውን አመፀኛ። አንድ ሙሉ ነገድ በሱ አንደበት ይናገር፣ ሌላው በመንዝ፣ ሌላው በጎጃም። በር ጠባቂውን ለቦሌው ልጅ ስጡት፤ በርም ይጠብቅ፣ ይሙትም። ካስጠላችሁ ጥሩ አዘጋጅ ቅጠሩና እንደገና ቅረጹ።

ይህም ከበዛባችሁ ሰው መጥራት ምን ያስፈልጋችኋል? ማይክሮሶፍት «መቅደስ» እና «አመሃ» የተባሉ የአማርኛ የኮምፒውተር ድምፆች አሉት፤ ዩቲዩቡን ሞልተውታል። አይደክሙም፣ ክፍያ አይጠይቁም፣ ሰንበቴም አልተወለዱም። የአሜሪካ የድምፅ ተዋንያን እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ለአንድ ዓመት ያህል ከጌም ኩባንያዎች ሥራ ያቆሙት፣ ሰው ሠራሽ ድምፅ እንጀራቸውን እንዳይነጥቃቸው ነበር። የእኛዎቹ ስቱዲዮዎች በሰው ላይ የሚጭኑት መስፈርት ያንኑ የማሽን ድምፅ ነው፤ እሱም ቢሆን ሲናገር አዲስ አበቤ ነው።