ያልፈወሰው መድኃኒት የሚገባው ክብር

በዚህ ሳምንት በኦስሎ፣ ግሮንላንድ በተባለው ሰፈር፣ ከምድር ባቡሩ ጣቢያ ጥቂት አለፍ ብሎ የአገራችን ቡና በሚፈላበት ቤት፣ አንድ ወንድማችን በልበ ሙሉነት የተናገረው ቃል እስከዚህች ሰዓት ድረስ ያስቈጣኛል። ዶክሲሳይክሊን የተባለው፣ በአገራችን ለግርሻና ለተስቦ የሚታዘዘው አንቲባዮቲክ፣ አንጎልን እየቦረቦረ በጥቂት ወራት የሚገድለውን የፕሪዮን ደዌ እንደሚፈውስ በኢጣልያ ተረጋግጦ ሳለ፣ ዋጋው ርካሽ ስለ ሆነና ትርፍ ስለማይገኝበት ባለጠጎቹ ኩባንያዎች ነገሩን ሸሽገውታል አለን። ከጎኑ የተቀመጡት እትዬም ቦርሳቸውን ከፍተው ከአዲስ አበባ ያስመጡትን እንክብል እያሳዩ፣ «እኔ ድሮም ብያለሁ፤ የዚህ አገር ሐኪም ውኃ ጠጪ፣ ዕረፊ ከማለት በቀር ምን ያውቃል?» ሲሉ ቃሉን አጸደቁለት።

የዚህ ዓምድ አንባቢዎች በአንቲባዮቲክ ነገር ከወገኖቼ ጋር ያለኝን የቈየ ክርክር ስለምታውቁት አላስረዝመውም። ጉንፋን በቫይረስ የሚመጣ በመሆኑ አንቲባዮቲክ አይነካውምና፣ ለጉንፋን አልሰጥም የሚለው የኖርዌይ ሐኪም ትክክል ነው፤ በሻንጣ የመጣ እንክብል ያለ ትእዛዝ የሚውጥም ሰው ባክቴሪያውን መድኃኒቱን መቋቋም ያስተምረዋል። የዛሬው ነገር ግን ከዚያ ይከብዳል፤ ወሬው ከእውነት ጋር የተቀላቀለ ሐሰት ነውና፣ እውነቱን ከሐሰቱ ሳይለዩ ማለፍ አይገባም።

ፕሪዮን ባክቴሪያ አይደለም፤ ቫይረስም አይደለም። በ1982 (ዘመናቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እጽፋለሁ) ስም ያወጣለት፣ በ1997ም ስለዚሁ ምርምሩ የኖቤል ሽልማት የተቀበለው አሜሪካዊው ስታንሊ ፕሩሲነር እንዳስረዳው፣ በተፈጥሮ በአንጎላችን ውስጥ የሚገኝ አንድ ፕሮቲን ቅርጹን ስቶ በተጣጠፈ ጊዜ፣ ጥቂት እርሾ ቡሖውን ሁሉ እንደሚለውጥ፣ አጠገቡ ያለውን ጤነኛ ፕሮቲን ወደ ራሱ ጠማማ መልክ እየለወጠ ይስፋፋል። እንግዲህ ሕይወት የሌለውን ነገር በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት መፈተን ለምን አስፈለገ ቢባል፣ ምክንያቱ ባክቴሪያን ከመግታት ኃይሉ ሌላ ነው። በሚላኖ ይሠሩ የነበሩት ፋብሪትሲዮ ታልያቪኒና ጃንሉዊጂ ፎርሎኒ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ ከካንሰር መድኃኒቶች ወገን የሆነ አንድ ንጥረ ነገር፣ ሃምስተር በተባሉ አይጥ መሰል እንስሳት ላይ የደዌውን መምጣት እንደሚያዘገይ በ1997 አስታወቁ፤ ቴትራሳይክሊንም በአወቃቀሩ ያንን ንጥረ ነገር ስለሚመስል፣ ለሰውም ጉዳቱ አነስተኛ ስለ ሆነ ወደ እርሱ ተሻገሩ፤ በ2002ም ቴትራሳይክሊንና የቅርብ ዘመዱ ዶክሲሳይክሊን ከጠማማው ፕሮቲን ጋር ተጣብቀው የመበከል ኃይሉን እንደሚያደክሙት በጽሑፍ አወጡ። እናቶቻችን ለትራኮማ በዓይን ቅባትነት የሚያውቁት መድኃኒት እንዲህ ካለው የፍጥረት ምሥጢር አጠገብ መገኘቱ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኔንም አስደንቆኛል።

ከዚያ በኋላ በኢጣልያ ዶክሲሳይክሊን ለአንዳንድ የፕሪዮን ሕሙማን ስለ ርኅራኄ ተሰጣቸው፤ መዝገቡም ሲመረመር፣ የወሰዱት ሰዎች ከቀድሞዎቹ ሕሙማን ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ የኖሩ መሰለ። ወንድማችን የሰማው እስከዚህ ድረስ ያለውን ነው። ጠበብቱ ግን በዚህ ቢያቆሙ ኖሮ ስማቸው በዓለም ይጠራ ነበር፤ አላቆሙምና ነው እኔ የማከብራቸው። የዛሬውን ሕመምተኛ ካለፈው ዘመን ሕመምተኛ ጋር ማስተያየት እንደሚያሳስት ያውቁ ስለ ነበር፣ ከ2007 እስከ 2012 ባለው ጊዜ በኢጣልያና በፈረንሳይ ክሮይትስፌልት ያኮብ በተባለው የፕሪዮን ደዌ የተያዙ 121 ሰዎችን ተቀብለው፣ ለእኩሌቶቹ ገደማ በየቀኑ 100 ሚሊ ግራም ዶክሲሳይክሊን፣ ለቀሩት ግን መልኩ አንድ ሆኖ መድኃኒት የሌለበትን እንክብል ሰጡ፤ ማን የትኛውን እንደሚውጥ ሕመምተኛውም ሐኪሙም አያውቅም ነበር። በመካከሉ ሒሳቡ ሲታይ በሁለቱ ወገኖች ዕድሜ መካከል ልዩነት ስላልተገኘ ፈተናው ቆመ፤ ይህንንም ሳይደብቁ በ2014 ላንሴት ኒውሮሎጂ በተባለው መጽሔት ለዓለም አሳተሙት። የወባ መድኃኒት የነበረው ኪናክሪንም በእንግሊዝና በአሜሪካ በተደረጉ ፈተናዎች የደረሰበት ዕጣ ይኸው ነው።

ታዲያ የተሸሸገው የት አለ? ተስፋ ያደረጉበትን፣ የብዙ ዓመት ድካማቸውን ያፈሰሱበትን ነገር፣ «አልረዳም» ብለው በገዛ እጃቸው የጻፉ ሰዎችን ሸሻጊዎች ማለት በደል ነው። ከእነርሱም ይልቅ የምናገርላቸው፣ ሞት በደጅ ቆሞ ሳለ ባዶውን እንክብል ቢያገኙም እንኳ ለኋለኞቹ ይጠቅም ዘንድ ፈቃዳቸውን የሰጡት ሕሙማንና፣ መናገር ለተሳናቸው ስለ እነርሱ የፈረሙት ቤተ ሰቦቻቸው ናቸው። በአንድ ሲኒ ቡና ላይ የእነዚህን ሰዎች መሥዋዕትነት ወደ ሐሜት የሚለውጥ ሁሉ፣ ምን ያህል የከበረ ነገር እንደሚረግጥ ይወቅ።

የፕሪዮን ደዌ ከእኛ የራቀ የሚመስለውም ካለ፣ በዚሁ በኖርዌይ በኖርድፍየላ ተራሮች በ2016 በዱር አጋዘን ላይ መገኘቱን ያስታውስ፤ በአውሮፓ ከዚያ በፊት በዱር አጋዘን ታይቶ አያውቅም ነበር። መንግሥት የሚያድንበት መድኃኒት ስላልነበረው 2 ሺህ ገደማ የሚሆነውን መንጋ በሙሉ አስገደለው፤ ፕሪዮን በአፈር ውስጥ ለዓመታት ስለሚቈይም አገሩ ያለ አጋዘን እንዲቈይ ተደረገ። በ2020 ደግሞ በሃርዳንገርቪዳ ታየ። ከአጋዘን ወደ ሰው ስለ መተላለፉ ማረጋገጫ አልተገኘም።

ስለ አጋዘኖቹ ልቀጥል ስል ልቤ ወደ ሌላ ነገር አዘነበለ፤ በሰሜን ኢጣልያ ወደሚኖር አንድ ቤተ ሰብ። በዚህ ቤተ ሰብ ውስጥ እንቅልፍን ፈጽሞ ነሥቶ የሚገድል፣ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወረስ የፕሪዮን ደዌ አለ። ፎርሎኒና ባልደረቦቹ ደዌው ሳይጀምር ዶክሲሳይክሊን ይከለክለው እንደ ሆነ ለ10 ዓመት ለመመርመር ሲነሡ፣ ዕድሜያቸው ከ42 ዓመት ያለፈ 25 የቤተ ሰቡ ሰዎች ገቡ፤ ደዌውን የወረሱት 10ሩ መድኃኒቱን እንዲወስዱ፣ ያልወረሱት 15ቱ ደግሞ ባዶውን እንክብል በየቀኑ እንዲውጡ ተደረገ። ይህ የሆነው ማንም ሰው እንክብል መዋጡን አይቶ የራሱን ዕጣ እንዳያውቅ፣ ማወቅን ያልፈለገውም በሰላም እንዲኖር ነው። ጤነኞቹ ስለ ሕሙማኑ ሲሉ ለራሳቸው የማይጠቅማቸውን ቀንበር ተሸከሙ።

በእኛ ዘንድ ግን ለጋብቻ ዘር ሲቈጠር፣ በቤቱ የነበረ ደዌ ሁሉ ይደበቃል፤ የሚጥል በሽታ ያለባት እኅት ከእንግዳ ፊት ትሸሸጋለች፤ አባት በምን እንደ ሞተ ልጅ አይነገረውም። በዚህ በኦስሎም ሐኪም «በቤተ ሰባችሁ ምን ዓይነት በሽታ ነበረ?» ብሎ ሲጠይቅ «ምንም» ብለን የምንመልስ ብዙዎች ነን፤ ኩባንያዎች ሸሸጉ እያልን የምንከሰውም እኛው ነን። ይህን ስጽፍ እጅግ አዝናለሁ፤ ያልተነገረ ደዌ መርማሪ የለውምና፣ ሥቃዩ የሚቀረው ለልጅ ልጅ ነው።

እንግዲህ፣ ወንድሜ ሆይ፣ ወሬውን ላቀበልሃቸው ሰዎች የ2014ቱን ውጤትም ንገራቸው። እትዬም ሆይ፣ የሐኪም ትእዛዝ የሌለበትን ያንን እንክብል አይዋጡት፣ ለሰውም አያካፍሉት፤ በግሮንላንድ ያለ ማንኛውም መድኃኒት ቤት ያለ ክፍያ ይረከብዎታል።